ዓሣ አጥማጆቹ ሲጾሙ

ቅዳሜ ጠዋት፣ እማዬን ቀድሜ ሳን ሆዜ እኔ ዘንድ ወስጃት፣ አባዬና እኔ ኦክላንድ ያለውን የወላጆቼን ቤት ከዕቃ ባዶ ስናደርግ ሶፋው በበሩ አልወጣም አለኝ። መደገፊያውን ፈትቼ ለብቻው ላወጣው አሰብኩ፤ ብሎኖቹ ከጨርቁ ስር ናቸው፣ ጨርቁ ደግሞ ዙሪያውን በናይለን ተሰፍቷል፣ ያውም ዓሣ በሚጠመድበት፣ ለዓይን በማይታይ ግን ጣት በሚቆርጥ ናይለን። በወጥ ቤት ቢላ ሞከርኩ፣ አንሸራተተኝ። በመቀስ ሞከርኩ፣ መቀሱ ራሱ ተጣመመ። የተከራየሁትን ትራክ ዕቃውን ሳን ሆዜ አራግፌ ዛሬውኑ መመለስ አለብኝና ተናድጄ በጥርሴ ያዝኩት፤ ያኔ አፍንጫዬ ጨርቁ ውስጥ ገባ፣ የማሽን ዘይት፣ የባሕር ጨውና የደረቀ ማጥመጃ ሥጋ የተቀላቀለበት የጋራዣችን ሽታም መጣብኝ። ሶፋ ነክሼ በጉልበቴ እንደተንበረከክሁ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆንኩ።

አባዬ የኤርፖርት ሻትል፣ መንገደኛ የሚያመላልስ መኪና፣ ነበር የሚነዳው። ሥራውን ይሠራዋል እንጂ አይወደውም፤ የሚወደው ዓሣ ማጥመድ ነው። ሁለት ጓደኞች ነበሩት፤ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ በጋሪ የሚገፉት፣ ድምፃቸው ከጎረቤት አጥር የሚያልፈው ጋሽ መኮንን፣ እና ፓርኪንግ ውስጥ የሚሠሩት፣ ማንኛውንም ነገር «ቆይ እስቲ» ብለው የሚጀምሩት ጋሽ ስለሺ። እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ ነጠላቸውን አጣጥፈው መኪናው ውስጥ ይጥሉና ሪችመንድ ፒሩ ላይ፣ ውሃው ውስጥ ዘልቆ የገባው የእንጨት ድልድይ ላይ፣ ሄደው እስኪመሽ ይቆማሉ። እኔን አንድም ቀን አልወሰዱኝም። መቁነጥነጥሽ ዓሣውን ያባርራል ይሉኛል።

አንድ ዓመት ሁዳዴ ሊገባ ሲል ዓሣ ይበላል፣ አይበላም የሚል ክርክር ተነሣ፤ ሦስቱም ተያይዘው የንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄዱ። ቄሱ ስለ መብላቱ የተጠየቁትን ትተው፣ «የማትበሉትንስ ምን ልታደርጉት ከውሃ ታወጡታላችሁ?» አሏቸው አሉ። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ የቅበላ እሑድ የማጥመጃ ዘንጎቻቸውን በአንድ ላይ አስረው ለእማዬ ያስረክባሉ፣ እሷም አልጋ ስር ትከተውና «እስከ ፋሲካ እንዳትጠይቁኝ» ትላቸዋለች።

ዘንጉ ጾመ እንጂ እጃቸው አልጾመም። ለሃምሳ አምስት ቀን የእኛ ጋራዥ ፒር ሆነ። ፒሩ ላይ እንደሚቆሙት ጎን ለጎን ይቆሙና የሚበላሽ ነገር ይጠባበቃሉ፤ የሚበላሽ ካጡ ደህናውን ይፈቱታል። የልብስ ማጠቢያው ይንቀጠቀጣል ብለው ፈትተው ሲገጥሙት ማሽኑ መራመድ ጀመረ፤ በሩን ዘግቶ ቆሞ አግኝተነው እናውቃለን። መጋረጃው ነፋስ እንዳያነሣው ብለው ጠርዙ ውስጥ የማጥመጃ መረብ የሚያሰምጠውን ከባድ እርሳስ ሰፉበት፣ መስኮት በከፈትን ቁጥር መስታወቱን እንደ እንግዳ ያንኳኳል። ዓሣ ሲነክስ ከዘንጉ ጫፍ የምትጮኸውን ቃጭል ፍሪጁ በር ላይ አሰሯት፤ በጾም አይብ ልሰርቅ ስከፍት ጋሽ መኮንን ከጋራዡ «ያዘ! ትልቅ ነው!» ብለው ይጮሃሉ። የጫማዬን ክር አባዬ በመንጠቆ አስተሳሰር አስሮልኝ ትምህርት ቤት አስተማሪዋ ልትፈታው አቅቷት ቆርጣዋለች። ሶፋውንም በአንዱ ጾም ነው የሰፉት፤ ትንሽ ቀዳዳ ነበረችው፣ እነሱ ግን ሻርክ የሚጎትተው ይመስል ዙሪያውን ዘመቱበት።

እኔ ቶሎ የምሰለች ልጅ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ፋሲካ እስኪመጣ እቆጥር የነበረው ለሥጋው አልነበረም፣ ከቤቴ እንዲወጡልኝ ነበር።

ስድስተኛ ክፍል እያለሁ ትምህርት ቤታችን ኤመሪቪል ውሃው ዳር ያለው ሜዳ ላይ በክር እየተያዘ በነፋስ የሚንሳፈፍ የወረቀት ካይት የሚበርበት ቀን አዘጋጀ። ከስስ ቀይ ወረቀትና ከተሰነጠቀ ቀርከሃ ሦስት ሳምንት ሙሉ ብቻዬን የራሴን ሠራሁ፤ ማንም እንዳይነካብኝ ልብስ ማስቀመጫዬ ውስጥ ደበቅሁት። አባዬ እሑድን ለዓሣው ነፃ ለማውጣት ቅዳሜን ሁሌ ስለሚነዳ ለትምህርት ቤቴ ነገር መጥቶ አያውቅም። በጾም ግን እሑዱ ባዶ ስለሆነ የቅዳሜ ሥራውን በእሑድ ሊቀይርልኝ እሺ አለ። አንድ ነገር ብቻ ነበር የፈለግሁት፤ ካይቱን እኔ ይዤ፣ አባዬ ቆሞ እንዲያይ።

ስህተቴ ዓርብ ዕለት ክር መጠየቄ ነው።

ሦስቱም ከጋራዡ ቀና አሉ፤ ዓይናቸው እንዴት እንዳበራ አልረሳውም። ተራ ክር ይበጠሳል፣ ናይለን ይሁን ተባለ። ናይለኑን በባዶ እጇ ከያዘች ይቆርጣታል፣ የክሩ መጠቅለያ ይምጣ ተባለ። መጠቅለያው ያለ ዘንግ አይሆንም ተባለና ሁሉም ወደ ቤቱ በር ዞሩ፤ ዘንጉ አልጋ ስር ነው።

«መንጠቆ ከሌለው ምኑ የዓሣ ነው? ዱላ በሉት» አሉ ጋሽ መኮንን።

«ቆይ እስቲ» አሉ ጋሽ ስለሺ። «ሰማይ ላይ ዓሣ የለም። ስለዚህ ማጥመድ አይባልም።»

እማዬ በሩ ላይ ሆና ስትሰማ ቆይታ አንዱን ዘንግ ከእስሩ መዝዛ አመጣችና፣ «ድሮስ ዓሣውን እንጂ ወሬውን መቼ ጾማችሁት!» ብላ ለአባዬ ሳይሆን ለእኔ ሰጠችኝ።

ቅዳሜ ሦስቱም መጡ። ለአንድ አባት ቦታ ብለምን ሦስት ወንድ ተላከልኝ። ውሃው ጎን ነበር፣ ዓይናቸው ከውሃው አልነቀል አለ፤ አንድ ነገር ዘለል ባለ ቁጥር የሦስቱም አንገት ይዞራል። ነፋሱ ጥሩ ነበር፤ ካይቴ ያለ ምንም ልመና ተነሣና ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ወጣ፣ ዘንጉ እጄ ውስጥ ሲርገበገብ እስከ ትከሻዬ ተሰማኝ። ልጆቹ ዘንግ ይዤ ሲያዩኝ መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ያቺ ደስታ ግን አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላችም።

«ልቀቂለት! ልቀቂለት!» አሉ ጋሽ መኮንን። «ቆይ እስቲ፣ ጠቅለል አድርጊ» አሉ ጋሽ ስለሺ። አባዬ ትንሽ ታግሦ፣ ታግሦ፣ «ስጪኝ» አለ። «አንዴ ላሳይሽ፣ ስጪኝ።» ከእጄ ወሰደው።

ያኔ ኃይለኛ ነፋስ መጣና የዘንጉ ጫፍ ወደ ካይቱ ጎበጠ። ጋሽ መኮንን «ያዘ!» ብለው ጮኹ። የአባዬ ክንድ ለሃያ ዓመት የለመደውን አደረገ፤ መንጠቆ እንደሚያጠብቅ ሰው ዘንጉን በሙሉ ጉልበቱ ወደ ኋላ መነጨቀው። ካይቴ ሰማይ ላይ ለሁለት ተሰነጠቀ። ግማሹ ውሃው ላይ ወደቀ፤ ግማሹን አባዬ በደመ ነፍስ እየጠቀለለ፣ እየጠቀለለ እግሬ ስር አመጣልኝ።

ሜዳው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ መኮንንም ሳቁ። እኔ ቤት ውስጥ አማርኛ እየሰማሁ በእንግሊዝኛ የምመልስ ልጅ ነበርኩ፤ አባዬ ደግሞ እንግሊዝኛው ሲመረው እንዳልሰማ ይሆናል። ያን ቀን ግን ሁሉን ነገር ታበላሻለህ፣ ወደ ዓሣህ ተመለስልኝ ብዬ በእንግሊዝኛ ስጮህበት እያንዳንዱን ቃል ሰማ። ፊቱን አየሁት። ይቅርታ ሊለኝ አፉን ከፈተና በየትኛው ቋንቋ እንደሚጀምር የጠፋው መሰለ።

በሚቀጥለው ዓመት ጾም ጋራዡ ውስጥ ድምፅ ቀነሰ። አባዬ የእኔን ዕቃ ሳያስፈቅድ መንካት ተወ። ሳይክሌ ጎማው ቢተነፍስ፣ መብራቴ ቢቃጠል፣ በሬ ላይ ይቆምና «ልርዳሽ?» ይላል። እኔም ከስልኬ ላይ ቀና ሳልል «አይም ጉድ» እለዋለሁ፤ አያስፈልገኝም ማለቴ ነው። እንዲህ እያልኩት ሃይስኩል ጨረስኩ። ሚልፒታስ ሥራ አገኘሁና እዚያው አጠገብ ሳን ሆዜ ገባሁ፤ እሱ በየዓመቱ ቅበላ ላይ ዘንጉን ለእማዬ ማስረከቡን ቀጠለ፣ እኔ ደግሞ በጾሙ ወራት ሥራ ይበዛብኝ ጀመር።

አሁን ጋሽ መኮንን ልጃቸው ዘንድ ሌላ ስቴት ሄደዋል፤ የጋሽ ስለሺ ጉልበት ፒሩ ላይ አያቆማቸውም። የአባዬ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ መንዳት ካቆመ ሁለተኛ ዓመቱ ነው፤ መንጠቆ ላይ ክር ማስገባትማ የማይታሰብ ነው። ያበሳጨኝ ይሄ ነው፦ ማጥመድ ሲቆም ጋራዡም አብሮ ቆመ። የሚያርፈው ከማጥመዱ ነበር፤ ማጥመዱ ሲጠፋ ዕረፍቱ ራሱ የት ይግባ? ዓመቱን ሙሉ ቤት ይውላል፣ ቃጭሏ አሁንም ፍሪጁ ላይ አለች፣ አንድ ነገር ግን አይፈታም፣ አይገጥምም።

ይህን ሁሉ ሳስብ አባዬ ሶፋውን ነክሼ አይቶኝ ኖሮ ከኋላዬ መጣ። ከቁልፉ ጋር የምትንጠለጠለውን የናይለን መቁረጫ አውጥቶ ጎኔ ተንበረከከ። ስፌቱን ያውቀዋል፣ በጣቱ ዳብሶ መጀመሪያውን ቋጠሮ አገኘው፣ እኔ አንድ ሰዓት ፈልጌ ያላገኘሁትን። መቁረጫዋን ሊያስገባ ሲል ግን እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ሳተው። እንደገና ሳተው። ሰዓቴን አየሁ፣ ትራኩ ውጭ ቆሟል።

«ስጠኝ» አልኩት። «አባዬ፣ ስጠኝ እኔ!» ከእጁ ወሰድኳት።

ከአፌ ሲወጣ ነው የሰማሁት። ወዲያው መቁረጫዋን መልሼ መዳፉ ላይ አኖርኩለትና፣ «አይ፣ አንተ ቁረጠው፣ ጊዜ አለን» አልኩት። ጊዜ አልነበረንም፤ ያውቃል። መቁረጫዋን ወደ ኪሱ ከተተ፣ ሶፋውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ተነሣ።

«አይም ጉድ» አለኝ፤ እንዲህ የጠራ እንግሊዝኛ ከአፉ ሰምቼ አላውቅም።

ሶፋውን ትተነው ሄድን። መጋረጃዎቹን ግን ነቅዬ ወሰድኳቸው፤ ሳን ሆዜ እስክንደርስ ድረስ ከኋላችን እርሳሱ የትራኩን ግድግዳ ያንኳኳ ነበር።