አፋችንን ሳንከፍት የተጻፈው ቃለ ጉባኤ

ዛሬ ሰቆጣ ስብሰባ ላይ ገና አፌን ሳልከፍት «የተናገርሁት» ተጽፎ ጠበቀኝ።

«ታካሚና ቤተሰብ ሕክምናውን አብረውን ያሻሽሉ» ተብለን ነው ወደ ሆስፒታሉ የተጠራነው። እኔ እናቴን ያስታመምሁ፣ እማማ ብርነሽ ደግሞ ምራታቸውን ከደሃና ወረዳ በቃሬዛ ያመጡ።

እማማ እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ጥበቃው ካርድ ሳታወጡ አትገቡም ብሎ በር ላይ አቆመን። ምራቴ ደጅ ወለደች። መጀመሪያ በሩን ክፈቱልን።»

ሰብሳቢው «እሱን በሻይ ሰዓት እናወራለን» አላቸው። (በሻይ ሰዓት ሰብሳቢውን ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ።)

ቀጥሎ ቃለ ጉባኤ ፈርሙ ተባልን። «ተሳታፊዎች በአገልግሎቱ መርካታቸውን ገለጹ» ይላል፤ ቀድሞ ታትሞ የመጣ ነው! አልፈርምም ብዬ ተነሣሁ።

ዞር ስል እማማ፣ ማንበብ አይችሉምና፣ «ተመስገን፣ የተናገርሁት ተጻፈልኝ» ብለው በአውራ ጣታቸው ፈርመዋል።

እናንተስ፣ ሳትናገሩ ምን ተናገራችሁ ተባላችሁ?