የዝቋላው ባለ አርባ ቆርቆሮ ቤት

እትዬ ለተጊዮርጊስ ሰቆጣ ገበያ ጌሾ ሲሸጡ ስምንት ዓመት ሆናቸው። ከጎረቤቱ ወረዳ ከዝቋላ የመጡት ባለቤታቸው በሞቱ በዓመቱ ነው። ጌሾአቸው መልካም ነው፤ ምላሳቸው ደግሞ ከጌሾው ይመርራል። "ጨምሪልኝ" ያለቻቸውን ገዢ "ከፈለግሽ እኔንም ጨምረሽ ውሰጂኝ" ብለው ያሰናብቷታል።

ችግራቸው ኩራት ነበር። ተከራይ መባል ያንገበግባቸዋል። ስለዚህ ዝቋላ ውስጥ ባለ አርባ ቆርቆሮ ቤት እንዳላቸው ለሰፈሩ ሁሉ ያወሩ ነበር። መጀመሪያ ቤቱ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ዓመት በረንዳ ወጣለት፤ በአራተኛው በሩ አረንጓዴ ተቀባ፤ በስድስተኛው ግቢው ውስጥ ሎሚ በቀለ። እኔ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የመጋረጃ ጨርቅ ሳይቀር አማክረውኛል።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ አከራያቸው ወይዘሮ ሐሊሜ ጠሯቸው። ሐሊሜ ጨውና ሳሙና የሚነግዱ፣ ክፉ ቃል ከአፋቸው የማይወጣ ሴት ናቸው።

"ልጄ ሐይደር ሊያገባ ነው። ካንቺ ክፍል በቀር የማስገባበት የለኝም። እስከ ሰኔ ማለቂያ ቤት ፈልጊ፤ እኔም እፈልግልሻለሁ" አሏቸው።

እትዬ ለተጊዮርጊስ ከተማውን ቢያካልሉ ኪራዩ የሚቀመስ አልሆነም። ክረምቱ ደግሞ ደጅ ላይ ቆሟል። አንድ የቀበሌ ቤት መለቀቁን ሰምተው "ቶሎ አመልክቺ" ያሏቸው ራሳቸው ሐሊሜ ናቸው።

የቀበሌ ቤት የሚሰጠው ቤት ለሌለው ነው፤ ቤት አለመኖሩን ደግሞ ሦስት ጎረቤት የቤት ኮሚቴው ፊት ቀርቦ ይመሰክራል። እትዬ መጀመሪያ የጠሩት መሪጌታ ወልደ ጻድቅን ነው። መሪጌታ ለቀልድ እንኳ የማይዋሹ ሰው ናቸው። እትዬ "ለችግሬ ሲሉ የዝቋላውን ቤት አያነሱብኝም" ብለው አስበው ይሆናል። የሰውየው ጠባይ እንዴት እንዳልታያቸው እስካሁን ይገርመኛል።

ኮሚቴው በተሰበሰበበት ዕለት መሪጌታ ቆሙ። "ለተጊዮርጊስ ደግ ጎረቤት ናት። ቤት የላትም ብዬ ግን አልምልም። ዝቋላ ባለ አርባ ቆርቆሮ ቤት አላት። በሩ አረንጓዴ ነው።"

የኮሚቴው ሰብሳቢ ምንዋጋው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "እናቴ፣ እውነት ነው?"

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አዎ ቢሉ ክረምቱን ጎዳና ላይ ሊያሳልፉ ነው፤ የለም ቢሉ ስምንት ዓመት የጠበቁት ክብራቸው በሰው ፊት ሊወድቅ። እኔ ስለ እሳቸው አፈርኩ። እሳቸው ግን ተነሱ፤ በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣና አንድ ነገር አጉረመረሙና በአማርኛ ቀጠሉ።

"ቤት የለኝም። የነበረችኝ የሣር ጎጆ ነች፤ እሷም ወደቀች። ያንን ቤት የሠራሁት በአፌ ነው። ሰው እንዳይንቀኝ ብዬ ነው።"

ምንዋጋው ደግ ልጅ ነው፤ ግን ሥራው ሥራ ነው። "ታዲያ የዋሹት ያኔ ነው ወይስ አሁን?" አላቸው። ጥያቄው ልክ ነበር፤ ያናደደኝም ልክ መሆኑ ነው።

ሐሊሜ ከኋላ ተነሱ። "አሁን እውነቷን ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ወንድሜ ዝቋላ ጨው ሲወስድ ቤቷን አይተህ ና ብዬው ነበር። ያሳዩት የወደቀ ጎጆ ነው።"

እትዬ ዞረው አዩዋቸው። "ታውቂ ኖሯል? ለምን ዝም አልሽኝ?"

"ምን ጎደለብኝ? አንቺም ስታወሪው ደስ ይልሽ ነበር፤ እኔም ሎሚውን ወድጄው ነበር" አሉ ሐሊሜ።

ይሄኔ እኔም ተነሳሁ። ለመጋረጃው የመስኮቱን ስፋት ስጠይቃቸው አንዴ ሁለት ክንድ፣ አንዴ አራት ክንድ ይሉኝ ነበርና ገና ድሮ ነቅቼባቸዋለሁ። ይህንኑ ተናገርኩ። ሁለት ምስክር ሆንን፤ አንድ ጎደለ።

መሪጌታ ዙሪያውን ቃኙ። "ሰፈሩ ሁሉ እያወቀ ያመንኩት እኔ ብቻ ነኝ?"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ራሳቸው ሳቁ።

"የፊተኛውን ቃሌን አንስቻለሁ" አሉ መሪጌታ። "ሰው በጉባኤ ፊት ራሱን ዝቅ አድርጎ የተናገረውን ካላመንኩ ምን ላምን ነው? ቤት የላትም። አሁን እምላለሁ።"

ምንዋጋው እስክሪብቶውን አንስቶ ፈረመ። ሐሊሜ እልል አሉ። እኔም፣ ወንድ ልጅ አያለቅስም የሚሉትን ትቼ፣ አለቀስኩ።

ቤቲቱ ግድግዳዋ የተቦረቦረ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ሰፈሩ በደቦ ወጣ። ሙሽራው ሐይደር ውኃ ቀዳ፤ መሪጌታ ሱሪያቸውን ሰብስበው ጭዱን ከጭቃው ጋር ረገጡ። እትዬ መሐል ቆመው "ያቺ ጥግ አልተመረገችም፤ ዓይናችሁ የት ነው?" እያሉ ሁላችንንም አራወጡን። የመጀመሪያው ዶፍ ሲወርድ ውስጥ ነበሩ።

በሚቀጥለው ገበያ ከአምደወርቅ የመጣች አንዲት ጌሾ ገዢ "እትዬ፣ ቤትዎ የት ነው?" ብላ ጠየቀቻቸው። አጠገባቸው ስሰፋ የነበርኩት እኔ ጆሮዬን አቆምኩ።

"ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጀርባ" አሉ፣ ገበያው ሁሉ እስኪሰማ። "የቀበሌ ቤት ናት። አንድ ክፍል ብቻ ናት፤ በሯም ሲዘጋ ይንቋቋል። ነይ ላሳይሽ።"

ጌሾውን ለእኔ አስጠብቀው ሴትዮዋን ይዘዋት ሄዱ።