በሴቲ ዓሣ የተያዘው ውርርድ

በአሬሲቦ ወንዝ አፍ የተወለደ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሁለት ነገር ይማራል፤ እግዚአብሔር አንድ መሆኑንና ሴቲ የሚባለው ዓሣ ከኛ ከተማ በቀር በዓለም ላይ የትም አለመኖሩን። ዶኛ ኤርሚንያ ከሁለቱ በየትኛው አጥብቃ እንደምታምን ቄሳችን እንኳ ደፍረው ጠይቀዋት አያውቁም። መልሱን ይፈሩታል።

እንጀራዋ ሴቲ ነው። ጨረቃ መጉደል ስትጀምር ያ ዓሣ ከባሕር እየተንጋጋ ወደ ወንዙ ይገባል፤ ወንዶቹ በጥቅጥቅ መረብ ይጨልፉታል፤ እሷ በካሳቫ ሊጥ ጠቅልላ ድልድዩ አጠገብ ትጠብሰዋለች። ከክብሪት እንጨት ያጠረ፣ ገላው ወዲያ ማዶ የሚያሳይ፣ ዓይኑ ብቻ የጠቆረ ፍጥረት ነው። እሷን ብትጠይቋት ግን ሙሉ ዓሣ ነው፤ ከዚህ በላይ አያድግም፣ ማደግም አያስፈልገውም። ኤርሚንያ ራሷም አጭር ናት፤ ነገሩ ከዚያ ሳይመጣ አይቀርም።

ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጅም አልወለደች። ያላት ባሕሩን የሚያይ ጠባብ ቤትና ምላሷ ነው። ምላሷም እንደምትጠብስበት ዘይት ነው፤ ካልነኩት ጸጥ ይላል፣ የውሃ ጠብታ ሲያርፍበት ግን ይንጣጣል።

ጠብታውን የሚጥልባት ዶን ኤላዲዮ ነበር። ኤላዲዮ ወንዙን ከዘጋው ትልቅ ግድብ በላይ፣ ተራራው ላይ፣ ብርቱካንና ሙዝ የሚያመርት፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ እንደ ተራራ ሰው ሁሉ አንዷን ቃል ጀምሮ እስኪጨርስ ቡና የሚያስፈላ ሰው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በአሮጌ ፒካፑ ፍሬውን ወደ ገበያ ያወርድና ገና ሳያራግፍ እሷ ዘንድ ይቆማል።

«ዛሬም ልጆቻችንን እየጠበስሻቸው ነው?» ይላታል።

«የማንን ልጆች?»

«የኛን ነዋ። ይሄ'ኮ የሲራሆ ልጅ ነው። ድንጋይ ላይ የሚለጠፈው፣ ፏፏቴ የሚወጣው፣ የኛ የተራራው ዓሣ! እንቁላሉን እኛ ወንዝ ይጥላል፤ ጫጩቱ ከውሃው ጋር ወደ ባሕር ይወርዳል፤ ከፍ ብሎ ወደ አገሩ ልመለስ ሲል እናንተ መረብ ይዛችሁ በር ላይ ትጠብቁታላችሁ።»

«ታዲያ የታለ ያ የተራራ ዓሣህ? እስቲ አንዱን አሳየኝ!»

«ግድቡ ከተሠራ ወዲህ በየት በኩል ይውጣ? ፏፏቴ እርጥብ ነው፣ ሆዱን እየለጠፈ ይወጣዋል። ያ ግንብ ግን ደረቅ ነው። እግሩ ሥር ደርሶ ይቀራል።»

«አዬ! እናንተ ጋ የሌለ ነገር ሁሉ ሰበቡ ግድቡ ነው። ጸጉርህንም የወሰደው ግድቡ ነው?»

ጎኗ ኮኮናት የምትሸጠው ኦቲሊያ በሳቅ ትፈርሳለች። ኤላዲዮ ባርኔጣውን ደፍቶ ጥብሱን ይበላል፤ ልጆቻችን ያላቸውን ሲበላ ደግሞ ጣቱን ይልሳል። ይህ ሰው ለጥብስ ብቻ እንደማይመጣ ከኤርሚንያ በቀር ገበያው ሁሉ ያውቅ ነበር። እሷም ታውቅ ነበር።

በኅዳር ላይ አንድ ቅዳሜ ባርኔጣውን አወለቀ። ያኔ ነው ኦቲሊያ ነገሩ የገባት፤ ኤላዲዮ ራሱን በፀሐይ የሚያስመታ ሰው አይደለም።

«ኤርሚንያ፣ እኔም ብቻዬን ነኝ፣ አንቺም ብቻሽን ነሽ» አለ። «ቤቴ ሰፊ ነው፤ አየሩም ደግ ነው። ለምን አትመጪም?»

ኤርሚንያ ጥብሱን ገለበጠች። ያልደረሰውን ነበር የገለበጠችው።

«ሴቲ የማይደርስበት አገር ሄጄ ምን ልሠራ? የሙዝ ቅጠል ላራግብ?»

«ይደርስ ነበር'ኮ እያልኩሽ!»

«አልደረሰም! ሴቲ የባሕር ነው። ሴቲ ሆኖ ተወልዶ ሴቲ ሆኖ ይሞታል!»

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ እነዚህን ሁለት አዛውንቶች ደግሞ ውርርድ አስገባቸው። ኤርሚንያ ከዕለቱ ሴቲ ጥቂቱን ሳትጠብስ በወንዝ ውሃ ታኖረዋለች። ከገና በኋላ እስከሚውለው የሦስቱ ነገሥታት በዓል ድረስ ወደ ሲራሆ ከተለወጠ፣ ቤቷን ዘግታ ተራራ ላይ ታገባዋለች። ካልተለወጠ ኤላዲዮ ስለ ዓሣም ሆነ ስለ ጋብቻ ዳግመኛ ትንፍሽ አይልም። ኦቲሊያ ምስክር ሆነች፤ ገበያው እስኪበተንም ያልሰማ አልነበረም።

ኤርሚንያ ዓሣዎቹን በልብስ ማጠቢያ ሳፋ አድርጋ፣ ድንጋይ ጨምራላቸው፣ ወጥ ቤቷ ውስጥ ከምትንጠባጠበው ቧንቧ ሥር አኖረቻቸው። እንደምታሸንፍ እርግጠኛ ስለነበረች ያን ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ ተኛች።

ጠዋት ስትነሳ ሳፋው ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሴቲዎቹ ቧንቧው ባረጠበው ግድግዳ ላይ ሆዳቸውን ለጥፈው፣ አንዱ አንዱን ተከትሎ ሽቅብ ይወጣሉ። የቀደመው ቧንቧው አጠገብ ደርሶ ዕረፍት ላይ ነበር።

«ውረዱ!» አለቻቸው ድመት እንደምታባርር ሁሉ። ማን ሰምቷት። በማንኪያ እየለቀመች መለሰቻቸውና ሳፋውን በወንፊት ከደነችው።

መውጣቱስ ይሁን፤ ጉንዳንም ግድግዳ ይወጣል ብላ ራሷን አጽናናች። ብዙም ሳይቆይ ግን ፊታቸው ጫፍ ላይ የነበረው አፍ ወደ አገጫቸው ወረደ። ገላቸው ማሳየቱን ትቶ ጠቆር አለ፤ ጎናቸው ላይ መስመር መስመር ወጣ። ከዚያ ያንን አዲሱን አፋቸውን ድንጋዩ ላይ ደፍተው አረንጓዴውን ይግጡ ጀመር። ኤርሚንያ ክው አለች። ያን ቀን ድልድዩ አጠገብ አንድ መጥበሻ ሙሉ አቃጠለች፤ ዕድሜ ልኳን አድርጋው የማታውቀውን።

የፈራችው መሸነፉን ብቻ አይደለም። ይህች ሴት ከዚያ ቤት ሌላ ቤት ኖራ አታውቅም። ሌሊት የባሕሩን ድምፅ ካልሰማች እንቅልፍ አይወስዳትም። ሰውየውን አልጠላችውም፤ እንዲያውም ቅዳሜ ቅዳሜ የምታሥረውን ሻሽ ያየ ሰው ምን ያህል እንዳልጠላችው ይገባዋል። ግን ተራራ? ስለዚህ ኦቲሊያ ስትጠይቃት ዓይኗን በጨው አጥባ «ሞቱ» አለች። በርግጥ ብዙዎቹ ሞተው ነበር። ለቀሩት ግን በየማለዳው ሰው ሳይነሳ ወንዝ እየወረደች አረንጓዴ ያበቀለ ድንጋይ ትለቅምላቸዋለች፤ ያረጀውን ታወጣለች፣ አዲሱን ታስገባለች። ለሞተ ዓሣ ይህን ያህል ድንጋይ የተሸከመች ሴት በአገራችን ታይታ አትታወቅም።

የሦስቱ ነገሥታት በዓል ደረሰ። ኤላዲዮ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ብርቱካን በቅርጫት ይዞ ቤቷ ድረስ መጣ።

«እህ፣ ልጆቼ እንዴት ናቸው?»

«ሞቱ» አለች ከበሩ ሳትርቅ። «ሴቲ ሆነው ኖሩ፣ ሴቲ ሆነው ሞቱ። ነፍስ ይማር።»

ለሚመጣው ተረብ መልስ አዘጋጅታ ጠበቀች። ተረብ አልመጣም። ኤላዲዮ ቅርጫቱን አስቀምጦ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

«ውርርዱስ ይቅር» አለ። «እኔ አንዱን በዓይኔ ማየት ነበር የፈለግሁት። ግድቡ ሲዘጋ ገና ሕፃን ነበርኩ። አባቴ ከድንጋይ ላይ በእጁ ፈልቅቆ ሲያሳየኝ ትዝ ይለኛል እያልኩ ስንት ዘመን አወራሁ። አሁን አሁን አይቼው ይሁን አልሜው አላውቅም። የምጠይቀው ሰውም የለም፤ ሁሉም ሞተዋል።»

አንጀቷን በላው። ባሕሩን አየች፤ ቤቷን አየች፤ ከዚያ በራሷ ላይ የተቆጣች ያህል ጮኸች፦

«ምን ይጎልትሃል? ተነስና ግባ!»

ወንፊቱን አነሳችለት። ግማሽ ጣት የሚያህሉ ጥቋቁር ዓሣዎች ድንጋዩ ላይ ተለጥፈው ምሳቸውን ይግጣሉ። ኤላዲዮ ከነክት ልብሱ እርጥቡ መሬት ላይ ተንበረከከ። ጣቱን ወደ አንዱ አስጠግቶ «አፉ'ኮ እንደዚሁ ነበር» አለና ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፋ። ኤርሚንያም ሲያለቅስ እንዳላየች ሆነች፤ በሕይወቷ በሰው ያላሾፈችበት ብቸኛ ጊዜ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

«ስንቱን ጠበስኩት» አለች ቀስ ብላ።

«ጥበሺው። ያንቺ አያቶች እዚህ ሲጠብሱ የኔዎቹ እዚያ ሲጠብሱ ነው የኖሩት፤ ለሁሉም ይተርፍ ነበር። የጨረሰው ግንቡ ነው።»

ኤርሚንያ ከአልጋዋ ሥር ሻንጣ ጎትታ አወጣች። ፊቷ ለቅሶ ቤት የምትሄድ ያስመስላታል።

«ቃል ቃል ነው፤ ተሸንፌአለሁ። እነዚህንም ይዘን እንሂድ። ያንተ ወንዝ ውስጥ እንለቃቸዋለን።»

«አይሆንም» አለ ኤላዲዮ ብድግ ብሎ። «ከግድቡ በታች ነው የምንለቃቸው።»

«ከላይ ከለቀቅናቸው ይሞታሉ?»

«መሞቱንስ አይሞቱም። ግን የሚወልዷቸው ሁሉ ወደ ባሕር ሲወርዱ በግድቡ ሐይቅ ውስጥ ሰጥመው ይቀራሉ። ከታች የሚመጣ ዘመድም የላቸውም። እንዲያው ድንጋያቸው ላይ ተለጥፈው ብቻቸውን ያረጃሉ። እዚያ ላይ እንዴት እንደሚታረጅ እኔን ጠይቂኝ፤ ለዓሣ አልመኘውም።»

ኤርሚንያ የሻንጣውን መዝጊያ ለቀቀችው።

«ለዓሣ ያልተመኘኸውን ነው ለኔ የተመኘኸው?»

ኤላዲዮ ሳፋውን አየ፤ ሻንጣውን አየ፤ የባሕሩ ድምፅ የሚገባበትን መስኮት አየ። የተራራ ሰው መልስ እንደሚዘገይ ታውቃለችና አልቸኮለችበትም።

«ወጥ ቤትሽ ለሁለት ሰው ጠባብ ነው» አለ በመጨረሻ።

«ጠባብ ነው» አለች። «ባርኔጣህን ውጭ ትሰቅላለህ።»