ሁለተኛው ጭልፋ

ትናንት እናቴ ቲማቲም በነጭ ሽንኩርት ስታቁላላ ሽታው ከድሬዳዋው ቤታችን አንስቶ ጅጅጋ፣ ኤዶ ሮዛ ምግብ ቤት ወስዶ አስቀመጠኝ። ኤዶ ሶማሌዎቹ አክስታቸውን የሚጠሩበት ነው፤ እሷም አንቱታ ስለማትወድ እኛ የአስተማሪ ልጆችም ኤዶ፣ አንቺ እያልን አደግን። አባቷ ጣሊያን፣ እናቷ የሐረር ሴት ናቸው። ምግብ ቤት የምንለው ሳሎኗን ነው፤ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ በቀን አንድ ዓይነት ምግብ። የፓስታውን ሊጥ ዳምጣ፣ በቀጭን በቀጭኑ ቆርጣ ጓሮ ገመድ ላይ ስታሰጣው ከፍየል የምጠብቀው እኔ ነበርኩ፤ አንድ ቀን ፍየሏ ቀድማኝ ሰው ሁሉ ሩዝ በላ። ሹፌሮቹ ፓስታውን ከሙዝ ጋር ሲገምጡ አባቴ ፊቱን ያዞር ነበር፤ በኋላ እሱም ሙዝ በኪሱ ይዞ መምጣት ጀመረ።

የቤቱ ደንብ አንድ ነው፤ እንግዳ በልቶ ሳይጨርስ ወሬ አይጠየቅም።

የሶማሊያው ጦርነት ሀርጌሳ ሲገባ እዚያ ያገባችው አንዲት ልጇ ሳሚራ የገባችበት ጠፋ። ከድንበሩ ከቶጎጫሌ በጭነት መኪና የሚመጣውን ስደተኛ ሁሉ ኤዶ ሮዛ እያስገባች ታበላለች፣ ሳህኑ ባዶ ሲሆን ስለ ልጇ ትጠይቃለች። የሚያውቅ አልተገኘም።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት አንዲት ወጣት ሴት ገባች። ግድግዳው ላይ የሳሚራን የሰርግ ፎቶ ስታይ ደንገጥ ብላ ቆመች፣ ከዚያ አቀረቀረች። እኔ ደስታዬን መቆጣጠር አቅቶኝ ኤዶ ሮዛን በቀሚሷ ሳብኳት።

«ኤዶ፣ ታውቃታለች እኮ። ጠይቂያት።»

«መጀመሪያ ትብላ።»

ሴትየዋ አንድ አንድ ክር እያነሳች በላች። ሳህኑ ሊያልቅ ሲል ኤዶ ሮዛ ተነስታ አንድ ጭልፋ ጨመረችላት። እሱም ሲያልቅ እንደገና ጨመረች። በቃኝ ብትላትም ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ እያለች ታክልላታለች። እኔ በልቤ ምን ዓይነት ደግነት ነው ይሄ፣ ልጅቷን በምግብ ልትገድላት ነው እያልኩ እናደዳለሁ። በመጨረሻ ሱጎው ከጭልፋዋ ነጩ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ተንጠባጠበ፤ አባቴን በአንዲት ጠብታ የምትቆጣ ሴት አላየችውም።

ሴትየዋ ሳህኑን በመዳፏ ከደነችው። በሶማልኛ፣ ቀስ ብላ፣

«ኤዶ፣ አሁን ጠይቂኝ» አለቻት።

ኤዶ ሮዛ አልጠየቀችም። ጭልፋውን እንደያዘች አጠገቧ ተቀመጠች። ያኔ ነው የገባኝ።

ቤቱ ከሳሚራ ለቅሶ በኋላ ተከፈተ፤ ፓስታውም ያው ነበር። ግን ለማንም ደግማ ጨምራ አታውቅም። ጅጅጋን እስክንለቅ ድረስ፣ ድሮ ሁለቴ ካልተጨመረለት የማይነሳው አባቴ፣ ሳህኑን በዳቦ ጠራርጎ ጠገብኩ፣ እግዜር ይስጥልኝ ይላታል፤ ከዚያ ሁለታችንም እንደራበን ወደ ቤት እንሄዳለን።