«ቀጋው አበበ አይደል?»

የአባቴ የመሪጌታ ዕንባቆም ዓይን የጠፋው በአራት ዓመታቸው፣ በፈንጣጣ ነው። ዜማ የተማሩትም ያስተማሩትም በጆሮ ሲሆን፣ ሰፊውን ግቢያችንን የሚዞሩት ደግሞ በአፍንጫ ነበር። በመስከረም መጨረሻ ቀጋው ሲሸት አጥሩ ጋ ደርሰዋል ማለት ነው። በጥር የግራዋው አበባ ወደ በሩ ይመራቸዋል። በመጋቢት ሎሚው ሲያብብ የውሃ ጉድጓዱ አምስት እርምጃ እንደቀረው ያውቃሉ፤ በሌላው ወር ቅጠሉን ቀጥፈው ያሸታሉ። እጃቸውን ሊይዝ የሚሞክር ሁሉ «ምነው፣ ገበያ ልታወጣኝ ነው?» ተብሎ ይመለሳል።

ዘንድሮ ነሐሴ ላይ ክፉ ጉንፋን ያዛቸው። ዳኑ ብዬ ደስ ሳይለኝ ሌላ ጭንቀት ጀመረኝ። አንድ ቀን ሽሮው ሲያር አጠገቡ ቁጭ ብለው ዝም አሉ፤ ቀድሞ ከግቢው ጫፍ ሆነው «ዝማሬ፣ ወጥሽን!» ብለው የሚጠሩኝ ሰው። በሳምንቱ ከዋንዛው ግንድ ጋር ተጋጩ። «መንገድ ላይ ማን ተከለው?» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ሆስፒታል ካርድ ክፍል ስሠራ እየዋልሁ ልቤ ጉድጓዱ አፍ ላይ ነበር። መጠየቁን ደግሞ ፈራሁ። «አይሸተኝም» ካሉኝ ምን አደርጋለሁ? ወንበር ላይ አስቀምጬ በር ልዝጋባቸው?

መስከረም ሃያ ስድስት፣ ጽጌ የገባ ዕለት ጠዋት፣ ቀጋው ሥር ቆመው ጠሩኝ።

«ዝማሬ፣ ቀጋው አበበ አይደል?»

ደነገጥሁ። አባቴ ሲያብብ ይነግሩናል እንጂ ጠይቀው አያውቁም። ደግሞስ አፍንጫቸው መቼ በዓል ቆጥሮ ያውቃል! አሽትተው ሳይሆን ቀን ቆጥረው እንደጠየቁኝ ገባኝ። ቀና ብዬ አየሁ። ዝናቡ አልወጣ ብሎ ቀጋው ገና እንቡጥ ነው፤ አንድም የፈነዳ የለበትም።

«አዎ አባባ፣ ሸጋ አድርጎ አብቧል» አልኋቸው። ደስ እንዲላቸው ብዬ ነው።



«አንቺ ሳትመጪ በጣቴ ዳስሼዋለሁ። እንቡጥ ነው» አሉ። «ማሽተት ካቆምሁ ወር አለፈኝ ልጄ። የጠየቅሁሽ ከእንግዲህ በማን ቃል እንደምሄድ ልወቅ ብዬ ነው።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኔ ውሸት ለማደርም አልታደለ። ጣቶቻቸው በቀጋው እሾህ መጫጫራቸውን ያኔ ነው ያየሁት። አፍሬ አለቀስሁ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ።»

«ይቅር ይበልሽ። ነገም እጠይቅሻለሁ።»

በማግስቱ ጠየቁኝ። «አላበበም» አልኋቸው። በሦስተኛውም በአራተኛውም ቀን እንደዚያው። ይህን ቃል ስናገር እንደዚያ የሚከብደኝ አይመስለኝም ነበር። በአምስተኛው ቀን ሁለት ነጭ አበባ ፈንድቶ አየሁና ሮጬ ነገርኋቸው።

ፊታቸውን ወደ ቀጋው አዙረው ረጅም ትንፋሽ ሳቡ። ትንሽ ጠበቁ፤ እንደገና ሳቡ።

«በይ ምሪኝ» አሉና እጃቸውን ዘረጉልኝ።