ሲስተር ሥራነሽ የፓይለት ሰዓት ስትመርጥ

ሲስተር ሥራነሽ አምሳሉ ሮብ ገበያ ጤና ጣቢያ በአዋላጅነት ስትሠራ ሃያ አራት ዓመት ሆናት። በአካባቢው በእሷ እጅ ያልተወለደ ልጅ ያለበት ቤት ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል ይሏታል። ትንሽ ተጋኖ ይሆናል። ገበያ በወጣች ቁጥር ግን አሥር እርምጃ ሳትራመድ አንዱ አስቁሞ "ይኸውልሽ፣ ያንችው ልጅ፤ እንዴት እንዳደገ እይው" ማለቱ አይቀርም።

ለራሷ ነገር መግዛት አታውቅበትም። ልጇ ሕሊና ደብረ ማርቆስ መምህርት ናት፤ ጫማ ገዝታ ስትልክላት እንኳ "ይኸን ለማን ልስጥልሽ?" ብላ ትደውላለች። ስለዚህ ባለፈው ጥቅምት "ሰዓት ልገዛ ነው፤ በባትሪ የማይሠራ፣ ክሮኖግራፍ" ስትላት፣ ሕሊና የሰማችውን ማመን አቅቷት ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ የደዋዩን ስም አየች።

ምኞቱ የቆየ ነበር። ሥራነሽ ተማሪ ሳለች ያስተማሯት አንዲት አዛውንት ነርስ እንዲህ ያለ ሰዓት ነበራቸው። አንደኛውን ቁልፍ ሲጫኑት ረጅሙ የሰከንድ ቆጣሪ ይነሳል፤ ሲደግሙት ቀጥ ይላል፤ ሌላውን ሲነኩት ዘሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሥራነሽ ያን ሰዓት እያሰበች በተገኘው ስትሠራ ኖረች። ክረምት ላይ ግን ጮቄ ተራራ ግርጌ ካለች መንደር ለምጥ ተጠርታ፣ የጽንሱን የልብ ምት በስልኳ ሰከንድ ስትቆጥር፣ ብርዱ ባትሪውን ጨረሰውና ስልኩ መሀል ላይ ጠፋ። የቀረውን በግምት ቆጠረች። ሕፃኗ በደኅና ተወለደች፤ "በግምት" የሚለው ቃል ግን ከሥራነሽ ሆድ አልወጣ አለ።

"እማ፣ የልብ ምትሽን ራሱ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት አለ እኮ" አለቻት ሕሊና።

"የእኔን ማን ጠየቀ? እኔ የሌላውን ነው የምቆጥር።"

መንገዱ ሰላም በሆነበት ቅዳሜ በሚኒባስ ደብረ ማርቆስ ገባች። እናትና ልጅ ተያይዘው ወደ ሰዓት ሠሪው ወደ ጋሽ ወልደ ገብርኤል ሱቅ ሄዱ። ጋሽ ወልደ ገብርኤል ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። በወጣትነታቸው ጥቂት ዓመት ቅኔ ቤት ቆይተዋል፤ ትምህርቱን አልጨረሱትም፣ ቃል ማገላበጡ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቃቸውም።

ሕሊና የእናቷን ሥራና የምትፈልገውን ስትነግራቸው ከመሳቢያቸው በጨርቅ የተጠቀለሉ ሁለት ሰዓቶች አወጡ። ሁለቱም የፓይለት ሰዓት ናቸው፦ ፊታቸው ጥቁር፣ ቁጥራቸው ትልልቅና ነጭ፣ በጎናቸው ሁለት ሁለት ቁልፍ።

"መንታ ናቸው" አለች ሥራነሽ።

"ለአዋላጅ መንታ መለየት አይከብዳትም። ልብ በይ፤ ይኸኛው በየጧቱ በእጅ ይሞላል። ያኛው ኦቶማቲክ ነው፤ እጅሽን ስታወዛውዥው ራሱን ይሞላል። እኔን ከሰማሽኝ ኦቶማቲኩን ውሰጅ።"

ሥራነሽ ከቦርሳዋ የሥራ ጓንቷን አውጥታ አጠለቀች። ዓይኗን ጨፍና የአንዱን ቁልፍ ተጫነች፣ ለቀቀች፣ መለሰች። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሕሊና ሰው እንዳያያቸው ወደ በሩ ዞር አለች።

"አሁን እጅዎን ይስጡኝ" አለች ሥራነሽ።

ጋሽ ወልደ ገብርኤል እየሳቁ ዘረጉላት። አንጓቸውን ይዛ በእጅ የሚሞላውን አስነሳች። ደቂቃው ሲሞላ ግንባሯን ቋጠረች። "መቶ ሃያ ስድስት። ይኸ ሰዓት ይዘገያል እንዴ?"

"ሰዓቴን አትሚብኝ! ዛሬ ጧት ሁለቱን ጎን ለጎን ፈትሻቸዋለሁ።"

በኦቶማቲኩ ደገመችው። መቶ ሠላሳ አንድ። ምቱ ደግሞ አንዴ ይሮጣል፣ አንዴ ይዘላል፤ መልክ የለውም። ሕሊናን ጠርታ በሁለቱም ቆጠረችላት፤ በሁለቱም ሰባ አራት። ሰዓቶቹ ጤነኞች ናቸው ማለት ነው። ሥራነሽ ጓንቷን አወለቀችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ጋሼ፣ ድካም አይሰማዎትም?"

"ሽቅብ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል። ከፍልሰታ ወዲህ ነው። እርጅና ነው ብየ ልብም አላልሁት።"

"ሱቁን ይዝጉ። ሆስፒታል እንሂድ።"

"ቅዳሜ ገበያ? ሰዓቱንስ ሳትመርጭ?"

"ሰዓቱ አይሞትም።"

ጋሽ ወልደ ገብርኤል ሱቁን ቆለፉ። ሕሊና ባጃጅ አስቁማ ሦስቱም ሄዱ። ሐኪሙ ልባቸውን በመሣሪያ አይቶ፣ ምቱ ሥርዓቱን መሳቱን ነገራቸው፤ እንዲሁ ቢተው ደም ረግቶ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችል እንደነበርም አልደበቀም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘመናይ ነጠላቸውን በቅጡ ሳያጣፉ ደረሱ። ሰውየው አልጋ ላይ ሆነው "አየሽ፣ ይች ሴት የልቤን ምሥጢር አወቀችብኝ" ሲሏቸው፣ ሊቆጧቸው አፋቸውን ከፍተው እንባ ቀደማቸው። ሥራነሽ ማታ የምትረከበው ተራ ስለነበረባት እጇ ባዶ እንደሆነ ወደ ሮብ ገበያ ተመለሰች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስትመጣ ጋሽ ወልደ ገብርኤል ከስተው፣ ግን ፊታቸው በርቶ ሱቃቸው ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሁለቱን ሰዓቶች ፊቷ አስቀመጡ። "የፈለግሽውን ውሰጅ፤ ዋጋ የሚባል ነገር እንዳታነሽብኝ።"

"እንግዲያው ሌላ ሱቅ እሄዳለሁ" አለች፤ ቀልዷን እንዳልሆነ ከፊቷ አወቁ። ብዙ ተሟግተው፣ ሰዓቱን በዋጋው ልትገዛ፣ የቆዳ ማሰሪያውን እሳቸው ሊመርቁላት ተስማሙ። በእጅ የሚሞላውን አነሳች።

"ኦቶማቲኩ ይሻልሻል አላልሁም?"

"እኔ ለማዋለድ እጄን ስታጠብ አወልቀዋለሁ። ምጥ ሲደራረብ ሁለት ቀን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ይቆያል፣ እጅ ካላወዛወዘው ይቆምብኛል። ይኸኛው ጧት ከሞላሁት የትም ባስቀምጠው ሥራውን አይተውም። ቁልፉም በጓንት ይታዘዘኛል።"

ጋሽ ወልደ ገብርኤል መብሻቸውን አነሱ። "አርባ ዓመት ሰዓት ስሠራ እንደዚህ አስቦ የመረጠ ሰው አላየሁም" አሏትና ማሰሪያውን በእጇ ልክ በሱት።

ኦቶማቲኩን ለማንም አልሸጡትም። እጃቸው ላይ አስረውት ጧት ጧት የልብ ምታቸውን ይቆጥሩበታል። ቅዳሜ ሲሆን ለሥራነሽ ይደውላሉ፤ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ "ሰባ ስምንት!" ይላሉ።

"መድኃኒቱንስ ውጠዋል?"

"ውጫለሁ።"

"ወይዘሮ ዘመናይን ያገናኙኝ።"

አንድ ቅዳሜ "ዘጠና ስድስት" አሏት። ሽቅብ ወጥተው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። "ኧረ ተቀምጬ ነው፤ ዘመናይ የሰፈሩን ወሬ ስታወራልኝ ነበር" አሉ። ከኋላ የወይዘሮ ዘመናይ ተቃውሞ ተሰማ። ሥራነሽ ሳቋን ዋጥ አድርጋ "ዐሥር ደቂቃ ጋደም ይበሉና እንደገና ይቁጠሩ፤ ስልኩን አልዘጋም" አለቻቸው። ጤና ጣቢያው ውስጥ ተራ የያዙ ሴቶች ከክፍሏ በር ውጭ ይጠብቋታል፤ እሷ ግን በሩን ገርበብ አድርጋ የራሷን ሰዓት አስነሳችላቸው።