ፆም ላይ የተመረጠ አምፖል

ሕንፃው አራት ፎቅ ነው፤ ለደባርቅ ይህ ትልቅ ነው። ባለቤቱ ጎንደር ነው የሚኖሩት። በአስራ አምስት ቀን አንዴ ይመጡና ደረጃውን ወጥተው ወርደው «ሁሉ ሰላም?» ብለውኝ ይመለሳሉ። እኔ ቁልፍ ያዥ ነኝ። ቁልፍ ያዥ ማለት በር መክፈት፣ ደረጃ መጥረግ፣ ውሃ ሲጠፋ መሰደብ ማለት ነው። ከጃናሞራ ለትምህርት መጥቼ አስራ ሁለተኛን እዚሁ ጨረስኩ፤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ግን አላመጣሁም። ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይተን አራት ሴቶች ነበርን። አንዷ አገባች፣ አንዷ ዳባት ሥራ አገኘች፣ አንዷ ዓረብ አገር ሄደች። ክፍሉ ለእኔ ብቻ ቀረ።

የሕንፃው ችግር መብራት ነበር። ሱቆቹ ወደ ውስጥ ረጅም ናቸው፤ መስኮት ያለው ከመንገድ በኩል ብቻ ነው። ጉም ሲወርድ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ እንኳ ሁሉም መብራቱን ያበራል። ሕንፃው ደግሞ የተንጠለጠለው በአንድ ቆጣሪ ላይ ነው። ልብስ ሰፊው ያበራል፣ ፀጉር ቤቷ ማድረቂያዋን ትሰካለች፣ ካፌው ማሽኑን ያስነሳል፤ ያኔ ብሬከሩ ቷ ብሎ ይወርድና ከአራቱም ፎቅ ስሜ ይጠራል።

ሁዳዴ ሲገባ ባለቤቱ መጡና «አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ትንሽ ኃይል የሚበላ አምፖል ምረጪና ሁሉንም ለውጪው» አሉኝ። ምረጪ። እስከዚያ ቀን ማንም ሰው ምንም ነገር ምረጪ ብሎኝ አያውቅም። ትምህርት ቤት የመደበኝ መንግሥት ነው፣ ክፍሉን የመረጠችው ያገባችው ልጅ ናት።

ጎንደር ወርጄ ለናሙና ሦስት ዓይነት ኤልኢዲ አመጣሁ፤ ነጭ፣ ቢጫ እና በመሀል ያለ። ሻጩ «ሰው የሚወስደው ነጩን ነው፤ ቢጫ የድሮ ነው» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን በሰው አፍ አላምንም። አንድ ገመድ ላይ እየቀያየርኩ ከሱቅ ሱቅ ዞርኩ። ልብስ ሰፊው ጥቁርና ሰማያዊ ክር ይዞ ቆመ፤ በቢጫው ሁለቱን መለየት አቃተው፣ በነጩ ለየ። ፎቶ ኮፒ ቤት ወረቀቱ በነጩ አበራ። ፀጉር ቤቷ ብቻ መስታወት ውስጥ ራሷን አይታ «በዚህ ነጭማ አክስቴን መሰልኩ» አለችኝና የመሀሉን ሰጠኋት። በጣም ተደስቼ ነበር። ማታ ቤቴ ስገባ የምነግረው ሰው ስላልነበረኝ ለራሴ ደጋግሜ ነገርኩት።

የቀረው ምድር ቤት ያለው ስጋ ቤት ነበር። በሁዳዴ ስጋ ቤት ዝግ ነው። ባለ ስጋ ቤቱ ጋሼ ግን ቤት መዋል ስለማይሆንላቸው በየቀኑ ይመጡና ከተዘጋው ሱቅ ፊት በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። እኔም ጠርጌ ስጨርስ አጠገባቸው ደረጃው ላይ እቀመጥ ነበር። ብዙ አናወራም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን «ደረሰ፣ ልጄ» ይሉና ከቤታቸው ከመጣው ባቄላ ያካፍሉኛል። በዚያ ፆም በቀን አንድ ጊዜ «ልጄ» የሚለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ሱቃቸው ውስጥ ከስጋ መስቀያው በላይ አንድ ባለ መቶ ሻማ አምፖል ተንጠልጥሏል። የድሮ፣ ክብ፣ እጅ የማያስነካ።

«ጋሼ፣ ይሄ ምድጃ እንጂ መብራት አይደለም። ሱቁ ሲከፈት ሕንፃውን ሁሉ የሚጥለው ይሄ ነው። ስጋዎትንም ይጠብሰዋል።»

«ሃያ ዓመት አብሮኝ ኖሯል።»

«ብዙ በልቷላ!»

ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ አፍሽ ያለ ባል ያስቀርሻል» አሉኝና ፈቀዱልኝ። አውልቄ ነጩን አሰርኩ። ባዶው ሱቅ፣ የግድግዳው ነጭ ሸክላ፣ የታጠቡት የስጋ መስቀያ ሜንጦዎች፣ ሁሉም ቦግ አሉ። ጋሼ በሩ ላይ ቆመው አዩና «ክሊኒክ አስመሰልሽው። ማን ይታከምበታል?» አሉ። አሮጌውን አምፖል ለእኔ ሰጡኝ። ክፍሌ ስለሚበርድ ወስጄ ሰቀልኩት፤ ይሞቃልና።

ከዚያ ወዲህ ብሬከሩ አልወረደም። የሚጠራኝም ሰው ጠፋ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ኋላ ቀኑ ይረዝምብኝ ጀመር።

በሰሙነ ሕማማት እናቴ ከጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን ደውላ «ለበዓል አትመጪም ወይ?» አለችኝ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ከሥራም ፈቃድ አልጠየቅኩም። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ጋሼ «ፋሲካ የምትፈስኪው እኛ ቤት ነው፤ ከሱቅ አብረን እንሄዳለን» ብለውኝ ነበር። አብረን እንሄዳለን ያሉትን ቃል ሳምንቱን ሙሉ ይዤው ዞርኩ። ነጠላዬን ሁለት ጊዜ አጠብኩት።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሱቁ ጋ ደረስኩ። ቅዳሜ የታረደው በሬ ተሰቅሏል። ጋሼ ነጭ ጋዋን ለብሰው፣ ቢላቸውን ስለው ቆመዋል። ውጭ ጉም ነው። መብራቱን ያበራሁት እኔ ነኝ።

ስጋው አመድ መሰለ።

ሌላ ቃል የለኝም። ጮማው ሰማያዊ፣ ቀዩ አመድማ። ሃምሳ አምስት ቀን የተዘጋ ሱቅ ውስጥ አምፖል ስመርጥ ክር አይቻለሁ፣ ወረቀት አይቻለሁ፣ ፊት አይቻለሁ። ስጋ አላየሁም። ከየት አምጥቼ?

የመጀመሪያው ደንበኛ ገባና አፍንጫውን አስጠጋ። «ጋሼ፣ ይሄ ከቅበላ የተረፈ ነው እንዴ?»

«ትናንት የታረደ ነው፣ አንተ ሰውዬ።»

«በሬውም ሁዳዴን ፆሞ ነው እንግዲህ» አለች ከኋላው ያለች ሴት፤ የቆሙት ሁሉ ሳቁ። እየሳቁ ወጡ። ከመንገዱ ማዶ ሌላ ስጋ ቤት አለ።

ጋሼ አልተቆጡም። አንድ ብልት አወረዱና ተሸክመው በሩ ላይ ወጡ። ጉሙ ውስጥ እንኳ ቀይ ነበር። መልሰው አስገቡት፣ አመድ ሆነ። ከዚያ ቀና ብለው አምፖሉን አዩት፤ ቀጥሎ እኔን። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሮጥኩ። አከራዬ ከልጆቿ ጋር ዶሮ ከበው «እንኳን አደረሰሽ፣ ቅመሺ እንጂ» ስትለኝ ሳልመልስላት ክፍሌ ገብቼ አሮጌውን አምፖል አወለቅኩና በነጠላዬ ጠቅልዬ ተመለስኩ። በርጩማው ላይ ወጥቼ ለወጥኩት። ብሬከሩ ይወርዳል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልወረደም። ላይ ለበዓል ገበያ የከፈቱት ሁሉ አሁን በትንሽ ኃይል ስለሚበሩ ለአንድ ምድጃ የሚሆን ቦታ ተርፎ ነበር።

ዓይኔን ስገልጥ ስጋው ደም ለብሷል። ጋሼ በሩ ላይ ወጥተው «ኑ እንጂ! ዛሬ የታረደ ይመስላል!» ብለው ጮሁ። ሰው እየተሳሳቀ ተመለሰ።

እኔ ነጩን አምፖል ይዤ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ሰባት ሰዓት ገደማ ስጋው አለቀ። የጋሼ ልጅ ከነልጆቿ መጥታ «አባዬ፣ ሰው ሁሉ እየጠበቀ ነው» አለቻቸው። ጋሼ ጋዋናቸውን አወለቁ። ለየት አድርገው ያስቀመጡትን ስጋ በፌስታል ጠቅልለው «እንቺ፣ ለቤትሽ» አሉኝ።

ለቤትሽ።

«እንኳን አደረስዎት» አልኳቸው። አብረን እንሄዳለን ያሉትን ረስተው ይሁን ተቀይመው እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ ሁሉንም ነገር በአፌ የምጠይቅ ሰው፣ ያችን ብቻ መጠየቅ አቃተኝ። የሱቁን በር ቆለፍኩ።

ክፍሌ ያለ አምፖል ጨልሟል። የያዝኩትን ነጩን ሰቀልኩት። ስጋውን በሱ ብርሃን ከተፍኩት፤ አመድ ይመስል ነበር፤ ጠበስኩት፤ ጣፋጭ ነበር። ሳኝክ እናቴ ደወለች።

«ከማን ጋር ፈሰክሽ?»

«ከባለ ስጋ ቤቱ ከጋሼ ጋር፣ እሳቸው ቤት።»

«ተመስገን። ሰው በዝቷል?»

«ሞልቷል» አልኳት። «ጫጫታው አያስወራም፣ ኋላ ልደውልልሽ።» ክፍሉ ውስጥ ከአፌ በቀር ድምፅ አልነበረም።

በዚያው ሳምንት ጎንደር ወርጄ ሻጩን ሳጥን በሳጥን አስወረድኩት። ለካስ ሳጥኑ ላይ ከዋቱ ሌላ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚናገር ቁጥር አለ። ከፍ ያለውን፣ ቢጫማውን መረጥኩ። በዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ስጋ ተሰቅሎ እያለ አሰርኩት።

«ይሄኛው ስጋ ያውቃል?» አሉ ጋሼ።

«ይዩት።»

አዩት። ብልቱን ገለባበጡት። «ያውቃል» አሉ። ቢላቸውን ጠርገው፣ ወደ መንገዱ እያዩ፣ «ዛሬ ቤት ነይ። ባለፈው…» ብለው አቆሙ።

አፌ ቀደመኝ። «ፋሲካ አልፏል፣ ጋሼ። ሥራ አለኝ።»

ሥራ አልነበረኝም። እሳቸውም ያውቃሉ፤ በዚያ ቀን ሕንፃው ውስጥ ክፍት የነበረው የእሳቸው ሱቅ ብቻ ነው። «እሺ፣ ልጄ» አሉ። አሮጌውን አምፖል ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ሰጡኝ። ገና ትኩስ ነበር። ደረጃው ላይ ተቀምጬ እስኪበርድ ድረስ በሁለት እጄ ያዝኩት፤ ከዚያ ተነስቼ የጠረግኩትን ደረጃ እንደገና ጠረግኩ።